ዲ አይነካም

ኮምፒውተር ጠጋኙን እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ከእህቱ በቀር ማንም አልነበረም። ሰፈርተኛው ሁሉ «አይነካም» ነው የሚለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው።

ሱቁ ከአንድ ያረጀ ፎቅ ደረጃ ሥር የተወሸቀች ናት። ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው ደጅ ይጠብቃል። ግድግዳዋ ላይ ቁልፋቸው የረገፈ ኪቦርዶች፣ ተጠቅልለው የተንጠለጠሉ ገመዶች፣ የማራገቢያ አቧራ የሚጠረግባቸው የቀለም ብሩሾች ተሰቅለዋል። ሰዎች የታመመ ኮምፒውተራቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ይመጡና፣ «ፎቶዎቼስ? የሠርጌ ቪዲዮስ? ጽሑፌስ?» ይላሉ። እሱ ካቻቢቴውን ከጆሮው ላይ እያወረደ ይጠይቃል።

«የት ነው ያስቀመጥሽው?»

«ዲ ላይ።»

«በቃ፣ አርፈሽ ተኚ። ዲ አይነካም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ያለው ዲስክ አንድ ነው፤ ግን እንደ አንድ ቤት ለሁለት ክፍል ይከፈላል። አንደኛው ክፍል ሲ ይባላል፤ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውና የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም የሚያድረው እዚያ ነው። ሁለተኛው ዲ ነው፤ የሰው ንብረት የሚቀመጥበት ጓዳ። ሲስተሙ ሲበላሽ ጠጋኙ ሲን ፎርማት ያደርጋል፣ ማለትም ጠራርጎ ባዶ ያደርገውና አዲስ ይጭንበታል። ጓዳውን ግን አይከፍተውም። ይህን ሕግ ማንም በወረቀት አላሰፈረውም፤ ከጠጋኝ ወደ ደንበኛ፣ ከደንበኛ ወደ ጎረቤት በቃል የወረደ ነው። ጠጋኙም ሃያ ዓመት ሙሉ ሲናገረው ኖሮ አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረውም።

ከሱቁ ጎን ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ሴት ይህን መቀለጃ አድርጋው ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ አንገቷን በበሩ አስግጋ፣ «አይነካም! እንጀራህን ዲ ላይ አስቀምጬልሃለሁ፤ ድመት እንኳ አይነካብህም» ትለዋለች። እሱ ደግሞ፣ «አንቺን ነው የምፈራው እንጂ ድመቷማ ምን ታደርገኛለች» ይላታል።

እህቱን «እትዬ» ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እሷ ሃያ ሞልቷታል። ያን ጊዜ ያሰበችው ትዳርም፣ ልትወልደው የነበረው ልጅም እሱው ላይ አለቀ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ማሽኖቹ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚያጓሩ እዚያ በሹክሹክታ የሚነገር ነገር የለም። ስለዚህ እትዬ ቤትም ስትገባ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አልቻለችበትም። «ጨው አቀብለኝ» ስትል ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጨው ይፈልጉ ነበር።

በዚያ ማጠቢያ ክፍል አንድ ልማድ ነበር። አንሶላ አርጅቶ ወይም በበሽታ ተበክሎ መቃጠል ሲኖርበት፣ አንዷ ሴት እያንዳንዱን አንሥታ የመጣበትን ክፍልና ቁጥሩን ጮክ ብላ ትጠራለች፤ ሌላዋ ከእሳቱ በር ቆማ እየተቀበለች ትደግማለች። «የወላዶች ክፍል፣ ሃያ ሰባት!» «የወላዶች ክፍል፣ ሃያ ሰባት!» ተቀባይዋ ካልደገመች አንሶላው እሳት ውስጥ አይገባም። እትዬ ጠሪ ነበረች። ፊደል የቆጠረችውም ለዚሁ ብላ ነው፤ አርባ ዓመት ሲሞላት ከሥራ መልስ፣ የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀምጣ። እስከዚያ ድረስ በአንሶላው ጠርዝ ላይ የተጻፈውን ሌላ ሰው ነበር የሚያነብላት።

ጉሮሮዋ መሻከር ሲጀምር «ጉንፋን ነው» አለች። ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ፤ ጉንፋኑ አልወጣም። በመጨረሻ ሐኪሙ እሷንና ወንድሟን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ ድምፅ የሚወጣበት የጉሮሮዋ ክፍል መውጣት እንዳለበት ነገራቸው።

«በሕይወት ይቆያሉ፣ እናቴ። መናገር ግን አይችሉም።»

እትዬ የሐኪሙን ጫማ አየች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞራ፣ «አንተ በዚያ ሳጥንህ የሰው ሠርግ ታድናለህ አይደል?» አለችው። «የእኔን ድምፅ አስቀምጥልኝ።»

ለቀዶ ጥገናው አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር። ጠጋኙ ሱቁን ዘግቶ፣ ማይክሮፎን ከመጽሐፍ ክምር ላይ አስደግፎ፣ የምትላቸውን ቃላት ዝርዝር ጽፎ እህቱ ፊት ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ‹እባክህ ውሃ አቀብለኝ› በይ።»

«እኔ እንዲህ ብዬህ አውቃለሁ?»

«ለሌላ ሰው ያስፈልግሻል።»

«ለሌላ ሰውማ ራሴ ተነሥቼ እቀዳለሁ። ዝርዝሩን ወዲያ በለው። ‹ውሃ!› በቃ፤ እሱን ያዝ።»

እንዲህ እየተጨቃጨቁ ዘጠኝ መቶ አርባ ሁለት ድምፅ ያዙ። ከአንድ እስከ መቶ ያለው ቁጥር፤ ከሰኞ እስከ እሑድ፤ «በልተሃል?»፤ «ዋሽተሃል»፤ «አንተ ጅል»፤ «ዝጋው»፤ «ቶሎ በል»፤ «አይዞህ»። «ያመኛል» የሚለውን ሦስት ጊዜ አለችው፦ አንዱ ለጥቂት ሕመም፣ አንዱ ለጠና፣ አንዱ ለማይቻል። ሦስተኛውን ስትለው ጠጋኙ ማይክሮፎኑን ለማጥፋት እጁን ሰደደ።

«ተወው» አለችው። «አሁን ሳያመኝ ካላልኩት፣ ሲያመኝ ከየት አመጣዋለሁ?»

ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ከአልጋዋ ራስጌ ተቀመጠ። የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ስትነካ ዝርዝሩ ይመጣል፤ መርጣ ስትጫን የገዛ ድምፅዋ ከሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ይወጣል። ጽሕፈት ለእትዬ ቀርፋፋ ነገር ነበር፤ አንድ መስመር ለመጻፍ ከንፈሯን ነክሳ፣ ፊደሉን እንደ ስፌት አንድ በአንድ እየወጋች ነው። በዚህ ሳጥን ግን እንደ ድሮዋ ትቆጣለች፤ እንደ ድሮዋ ትቀልዳለች። ስፒከሩን መስኮት ላይ አስቀምጣ «አንተ ጅል!» ስትለው መንገዱን ተሻግሮ ይሰማል። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ኖሩ።

ከዚያ ላፕቶፑ መዘግየት ጀመረ። «ውሃ» የሚለውን ተጭና፣ ተነሥታ፣ ቀድታ፣ ጠጥታ ስትመለስ ሳጥኑ «ውሃ!» ይላል። መጀመሪያ ሳቁ። አንድ ቀን ወጥ ሲያርር «ዝጋው!» የሚለው የመጣው ቤቱ በጭስ ከተሞላ በኋላ ነው። ጠጋኙም በጎ ፈቃደኞች በነጻ የሚሠሩት፣ ለአሮጌ ኮምፒውተር ቀለል ይላል የሚባል አዲስ ሲስተም ሊጭንላት ወሰነ። ጭኖት አያውቅም፤ ግን መጫን ያው መጫን ነው ብሎ አሰበ።

መጫኛውን የሚያዘጋጅበት ፍላሽ ሲፈልግ መሳቢያው ውስጥ ያሉት የደንበኞች ናቸው፤ የቀሩት የሞቱ ናቸው። አንድ ደህና ፍላሽ ነበረው፤ የእትዬ ድምፅ ቅጂ ያለበት። ለአፍታ እያገላበጠ አየው። ዋናው ዲ ላይ አለ። ዲ ደግሞ አይነካም። ፍላሹን አጥፍቶ መጫኛውን ጻፈበት።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እትዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን አንጠልጥላ ታየዋለች። ላፕቶፑን ሊያጠፋ ሲል ክንዱን ገፋ አድርጋ አንድ ቁልፍ ተጫነች። ሳጥኑ ትንሽ አሰበና፣ «ቶሎ በል» አለ።

«አንድ ሰዓት አይፈጅም» አላት። «ድምፅሽ ዲ ላይ ነው፣ እትዬ። ዲ አይነካም።»

የለመደው መጫኛ ሁለት ረድፍ ያሳይ ነበር፤ ሲ ይሄ፣ ዲ ይሄ፣ መጠናቸው ይሄን ያህል። ሲን መርጦ መጥረግ ነው። ይህኛው ግን በአማርኛ ቢተረጎምም፣ ሲ የሚልም ዲ የሚልም የለውም። «የአጫጫን ዓይነት» ይላል፤ ከሥሩ ሦስት ክብ ምርጫዎች። የመጀመሪያው «ዲስኩን አጥፍቶ መጫን» ነው፤ ሁለተኛው «ከነበረው ጎን መጫን»፤ ሦስተኛው «ሌላ» ብቻ። ሦስተኛውን ከፈተው። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለባቸው አምስት ረድፎች መጡ፤ የትኛው የእህቱ ጓዳ እንደሆነ የሚል አንድም ነገር የለም። እዚህ ተሳስቼ አንዱን ብነካ ነው ጉዱ ብሎ ወጣ። ከነበረው ጎን ቢጭን አሮጌው ሲስተም እንደ ተከራይ ቦታ ይዞ ይቀራል። የመጀመሪያው ደግሞ ከጎኑ «ለብዙዎች የሚመከር» የሚል አለው፤ ከሥሩ ያለችውን ግራጫ ደቃቅ ማስጠንቀቂያ በዓይኑ ጠረግ አድርጎ አለፋት። አሮጌው ሲስተም የት እንዳለ መጫኛው ያውቃል፤ እሱን አጥፍቶ በቦታው ይቀመጣል፤ ሃያ ዓመት ያየሁት ይኸው ነው አለ በልቡ። መረጠው። «ለውጦቹ ዲስኩ ላይ ይጻፉ?» አለው። «ቀጥል» የሚል ቁልፍ ነበረ። ቀጠለ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ላፕቶፑ እንደ አዲስ ቦግ ብሎ ተነሣ። ፈጠነ። ጠጋኙ ዲን ሊከፍት ሄደ። አጣው። ዘግቶ ከፈተ። አጣው። ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሰፊ፣ ንጹሕ፣ ባዶ ክፍል ሆኗል።

እትዬ እጇን ዘርግታ ቁልፍ ነካች። ምንም አልመጣም። ሌላ ነካች። ከዚያ ቀና ብላ ፊቱን አየችው፤ ፊቱን ደግሞ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። እጇን ቀስ ብላ ጭኗ ላይ መለሰች።

«እትዬ…» አለ።

ሦስት ሳምንት ፊቷን አዞረችበት። ምግብ ይዞ ሲገባ ወደ ግድግዳው ትዞራለች፤ ሲወጣ ትበላለች። ጉዳይ ሲኖራት ታጨበጭባለች፤ አንድ ጭብጨባ በሩን ክፈት፣ ሁለት ጭብጨባ ና። ቤቱ እንዲያ ዝም ብሎ አያውቅም። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እንኳ በደረጃው ሲያልፉ እግራቸውን ቀለል ማድረግ ጀመሩ።

እሱ ሱቁ ውስጥ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አስነሥቶ ዘጠኝ ቀን ዲስኩን አስቆፈረው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ግን ከድንጋዩ ላይ የቀረውን ጠብታ ለቀመ። ስልሳ አንድ ድምፅ ተገኘ። ስማቸው ጠፍቶ በቁጥር ብቻ ስለመጡ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ አንድ በአንድ እየሰማ እንደገና ስም አወጣላቸው። «ዝጋው»። «ማክሰኞ»። «ሃያ ሰባት»። «ዋሽተሃል»። የመጨረሻው አራት ሰከንድ ብቻ ነው፤ እትዬ ትንፋሽ ትስባለች፣ ልትናገር ስትል ይቆረጣል። ምን ልትል እንደነበር አልታወቀም። ለዚያኛው «እትዬ» የሚል ስም ሰጠው። «ያመኛል» ግን ከሦስቱ አንዱም አልተገኘም።

ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ሴት አንድ ቀን እንደ ልማዷ፣ «አይነካም!» ብላ ገባች። ጠጋኙ ቀና ሲል ቀልዱ አፏ ላይ ቀረ።

«ምን ሆነሃል?»

«ነካሁት» አላት።

ስልሳ አንዱን ወስዶ ለእህቱ አሰማት። ዓይኗን ጨፍና ሁሉንም ሰማች። ከዚያ ላፕቶፑን ከደነችውና ደብተር አንሥታ፣ ለረጅም ጊዜ እየወጋች ጻፈች፦ «ይህ የእብድ ንግግር ነው። አጥፋው።»

«እሺ» አላት። በማግሥቱም፣ «አጠፋሁት» አላት። አየችው። ያ አስተያየት ዱሮም ቃል አያስፈልገውም ነበር።

ላፕቶፑ ከተጠረገ በአራተኛው ወር ሳንባዋ ላይ ውሃ ተገኘና ሆስፒታል ገባች፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አንሶላውን ያጠበችበት ሆስፒታል። ጠጋኙ ለሥራ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ነርሷ በሩ ላይ አገኘችው።

«እናትህ ደህና ናቸው። ጸጥ ብለው ነው የዋሉት፤ ምንም አላሉም።»

«እህቴ ናት» አለ። «ድምፅ የላትም እኮ።»

ነርሷ ክፉ ሰው አልነበረችም። አርባ አልጋ ብቻዋን ይዛ ነበር፤ ካርዱን ማን እንዳነበበ፣ ማን እንዳላነበበ አይታወቅም። ፊቷ ልውጥ አለና ከኋላው ሮጠች። እትዬ አንሶላውን እስከ አገጯ ስባ፣ ዓይኗን ጣራው ላይ ተክላ ነበር። ደብተሯ ከአልጋው ሥር ወድቋል። አንሶላው ሥር አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ ጠጋኙ ገለጠው። ሁለት እጆቿ ናቸው። እያጨበጨበች ነበር። ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ እሷ ታውቃለች፤ አሁን መዳፎቿ ሲገናኙ ድምፅ እንኳ አያወጡም።

ሐኪሙ ማስታገሻ ሰጣት። ጠጋኙ ኮሪደሩ ላይ፣ የቆሸሸ አንሶላ የተቆለለበት ጋሪ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ እስኪያቅተው አለቀሰ።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ አንድ ከሰዓት ሁለት ጊዜ ተጨበጨበ። ና ማለት ነው። ሲገባ ደብተሩ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል፦ «የጠየቀህን አሳየኝ።»

«ምን የጠየቀኝን?»

ጣቷን ወደ ላፕቶፑ ቀሰረች።

የሰው ፋይል የሌለበት፣ አሮጌ ሲስተም ብቻ ያለው ሌላ ኮምፒውተር ከሱቅ አመጣና በዚያው ፍላሽ አስነሣው። ያ ገጽ መጣ፤ ሦስቱ ክቦች፣ ከሥራቸው «ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል» የምትለው ግራጫ ደቃቅ ጽሑፍ። እትዬ መነጽሯን አድርጋ፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከመጀመሪያው ፊደል ጀመረች። እሱ በዓይኑ አንድ ጊዜ ጠረግ አድርጎ ያለፈውን ገጽ እሷ ሩብ ሰዓት ቆየችበት። ከዚያ ጻፈች፦

«እኔ የቱ ጋ ነበርኩ?»

ጠጋኙ ዲስኩን የሚያሳየውን አንድ ወጥ መስመር በጣቱ ነካ። «እዚህ ውስጥ።»

«ስሜ የታል?»

«ስም አይጽፍም፣ እትዬ። መጠኑን ብቻ ነው የሚጽፈው።»

እትዬ ራሷን ነቀነቀች። ደብተሩን አስጠግታ፣ ትንፋሿ እስኪያጥራት የጻፈችው ረጅም ነበር። «አንተ በልጅነትህ ስለተማርክ እየዘለልክ ታነባለህ። እኔ በአርባ ዓመቴ ስለተማርኩ ያልገባኝን እንደገባኝ አድርጌ አላልፍም። ይህ ጽሑፍ ‹ይጥፋ ወይ?› አለህ እንጂ ማን እንደሚጠፋ አልነገረህም። እኛ ያረጀ አንሶላ ስናቃጥል እንኳ ስሙን እንጠራ ነበር።» ትንሽ ዐረፈችና ጨመረች፦ «ጻፍላቸው። ከመጥፋቱ በፊት ስሙን ጥሩ በላቸው።»

ጻፈላቸው። ሲስተሙን ለሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች፣ ስህተት ወደሚነገርበት ገጽ፣ በተሰባበረ የባዕድ ቋንቋ የሆነውን ሁሉ ዘርዝሮ ላከ። በማግሥቱ አንዱ መለሰለት፦ «ማስጠንቀቂያው ተጽፎ ነበር። ማንበብ የአንተ ፈንታ ነው።» ጠጋኙ ይህን ሊደብቃት አስቦ ነበር፤ እሷ ግን መልስ መጣ ወይ እያለች በየቀኑ ሁለት ታጨበጭባለች። አነበበላት። ደብተሯን ሳበች።

«አንብቧል በለው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ልቡ እንዲያይ አድርገው ይጻፉ።»

ይህንንም እንደምንም ተርጉሞ ላከው። ከሳምንት በኋላ ሌላ ሰው ጻፈችለት፤ ከሩቅ አገር ያለች፣ ያንኑ ገጽ ከሚሠሩት አንዷ። የሟች አባቷን ደብዳቤዎች በዚሁ ቁልፍ እንዳጠፋች፣ ለባልደረቦቿ ግን አፍራ እንዳልነገረች ገለጸችለት። «ገጹ ምን ቢመስል ኖሮ ትቆም ነበር? ሥለህ ላክልኝ» አለችው።

የሣሉት ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ሴት በሰጠቻቸው፣ አንድ ጎኑ በተበላሸ ወረቀት ላይ ነው። እትዬ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ትሠርዛለች፤ እሱ እንደገና ይሥላል። ክፍሎቹ ሰው በሚያውቃቸው ስም ይጠሩ ተባለ፤ በፊት ሲ የነበረው፣ በፊት ዲ የነበረው። በእያንዳንዱ ውስጥ ያሉት ማኅደሮች ስማቸው ይጻፍ፤ መጨረሻ የተከፈቱበት ቀንም። «ቀጥል» የሚለውን ቃል እትዬ ሁለት ጊዜ ደምስሳ በትልቁ «አጥፋቸው» ብላ ጻፈችበት። «ተመለስ» የሚለው ቁልፍ ደግሞ ከፊት ይምጣ አለች፤ እጅ ሲቸኩል የሚያገኘው እሱን ይሁን። ከሥዕሉ ዳር፣ ለሩቋ ሴት ይሁን ለወንድሟ ሳይታወቅ፣ አንድ መስመር ጣለች፦ «ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም የሚያጠፋው። ቸኩሎ ነው።»

ጠጋኙ ያቺን መስመር ሲያነብ ቀና ብሎ ሊያያት ፈለገ። እትዬ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ይቅር ማለቷ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አያውቅም።

ሥዕሉ በሄደ በሦስተኛው ወር ሕመሙ ተመለሰ። በመጨረሻዎቹ ቀናት እርሳስ መያዝ አልቻለችም፤ ማጨብጨብም አልቻለችም። ጠጋኙ እጇን ይዞ፣ «ጥቂት ያምሻል? ወይስ ጠና? ወይስ አይቻልም?» ይላታል፤ ለእውነቱ ስትደርስ ጣቱን ትጨብጠዋለች። ሁልጊዜ የምትጨብጠው ሦስተኛው ላይ ነበር። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጠየቃት፤ በአንዱም አልጨበጠችውም።

ከቀብሩ በኋላ ሱቁን ከፈተ። ምን ይሁን፤ ሰው ይመጣል። «አይነካም» የሚለውን ስም ሰፈርተኛው አልተወውም፤ ስም እንደ ካቻቢቴ ከጆሮ ላይ የሚወርድ አይደለም። እሱ ግን ያቺን ነገር ዳግመኛ ከአፉ አላወጣትም። ሰዎች «ዲ ላይ ነው፤ አይነካም አይደል?» ሲሉት፣ ስክሪኑን ወደ እነሱ አዙሮ፣ «ምን ምን እንዳለ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» ይላል። የሚቆጡ አሉ፤ ኮምፒውተራቸውን ታቅፈው ወደ ሌላ ጠጋኝ የሚሄዱም አሉ።

ዓመት ሊሞላ ሲል ሩቋ ሴት ጻፈችለት። አዲሱ መጫኛ ወጥቷል። ከሥዕሉ ያልተቀበሉትም አለ፤ «አጥፋቸው» የሚለው ለአንዳንዶች ከረረባቸው፣ ተከራክረን ግን ገብቷል ትላለች። እንደ ቀድሞው በቋንቋችሁም ተተርጉሟልና እህትህን አሳያት አለችው። እንደሞተች አልነገራትም ነበር።

አወረደው። አዲስ ፍላሽ ገዝቶ ጻፈበት። ከዚያ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ጨርቅ ከተሸፈነበት፣ የእትዬን ላፕቶፕ አወረደ። ሊጭንበት አይደለም፤ ገጹን ሊያይ ነው፤ ገጹ ደግሞ የሚያሳየው ነገር ያለበት ዲስክ ይፈልጋል። ስልሳ አንዱን ድምፅ ያኔ «አጠፋሁት» ሲላት ሳያጠፋ፣ አዲስ ዲ ከፍሎ አስቀምጦበት ነበር።

ገጹ መጣ። ሁለት ክፍሎች። የላይኛው «ሲስተም» ይላል። የታችኛው እንዲህ ይላል፦ «በፊት ዲ የነበረው። አንድ ማኅደር፣ ስልሳ አንድ የድምፅ ፋይሎች። ይህን መንገድ ከመረጡ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው።» ከሥሩ ዝርዝር ይወርዳል።

ጠጋኙ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ፤ ጠሪ ቆሞ ነው የሚጠራው። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ ጮክ ብሎ ጀመረ።

«ዝጋው!»

ጠበቀ። ከግድግዳው ማዶ የፎቶ ኮፒው ማሽን ወረቀት ይስባል፣ ይተፋል።

«ማክሰኞ!»

ጠበቀ።

«ሃያ ሰባት!»

እንዲህ እያለ ስልሳ አንዱንም እስከ ታች ጠራ። መጨረሻው ጋ ሲደርስ ድምፁ ሻክሮ ነበር።

«እትዬ!»

የሚደግም አልነበረም። ተቀባይ ካልደገመ ደግሞ የእሳቱ በር አይከፈትም። ጣቱን ወደ መጀመሪያው ቁልፍ ወሰደና «ተመለስ» የሚለውን ተጫነ፤ ላፕቶፑን ከደነው፤ ጨርቁን አለበሰው።

በሩ ተንኳኳ። አንዲት ወጣት፣ ኮምፒውተሯን ደረቷ ላይ ታቅፋ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ፎርማት ይደረግልኝ ብዬ ነው። ዕቃዬ ሁሉ ዲ ላይ ነው፤ አይነካም አሉኝ።»

«ግቢ» አላት። «ስሙን ትጠሪልኛለሽ።»